ባለቀይ ክሩ ገመድ

ሰው ሲቆጣ ያስታውቃል፤ ሲጠላም ያስታውቃል። ሳይቆጣም ሳይጠላም ዓይኑን የሚያሸሽ ሰው ግን ምን ሆኖ ነው? የጀልባ አከራዩ ልጅ ይህን ጥያቄ አሥራ አምስት ቀን ሙሉ ይዛው ቀዘፈች። ጠዋት ይዛው ወደ ሐይቁ መሃል ትሄዳለች፣ ይዛው ትመለሳለች።

ሐይቁ ትልቅ ነው። በበጋ እንኳ አናታቸው ላይ በረዶ የማይጠፋባቸው ተራሮች ከበውታል፤ ከዚህ ዳር ቆሞ ማዶ የሚያይ ሰው ትልቁን ሆቴል የስኳር ቁራጭ አሳክሎ ነው የሚያየው። ጠዋት ውሃው ዝም ይላል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከተራራው ነፋስ ይወርድና እንኳን ጀልባ ዳክዬም ዳር ዳሩን ይይዛል። በመሃል ያለው ሰዓት የመዝናኛ ነው። ባለፔዳል ጀልባ ተከራይተው አንዱ ወደ ግራ ሌላው ወደ ቀኝ እያሉ አንድ ቦታ ላይ የሚሽከረከሩ ባልና ሚስት አሉ፤ ዋና እችላለሁ ብሎ ዘሎ ገብቶ ቅዝቃዜው ሲይዘው «እናቴ!» የሚል ጎረምሳ አለ፤ መነጽሩን ውሃ ውስጥ ጥሎ «አሁን እዚህ ነበር እኮ» የሚል ሽማግሌ አይጠፋም። አባቷ ለእነዚህ ሁሉ አሥራ አንድ የእንጨት ጀልባና አራት ባለፔዳል አለው። እሷን የዳሩ ሰው ቋጠሮ ይላታል፤ ያሰረችውን ከእሷ በቀር የሚፈታው ስለሌለ።

ዓይኑን የሚያሸሸው ሰው ባለሳህኑ ነው። ይህንንም ስም ያወጣለት የዳሩ ሰው ነው። ሐይቁን የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ከመጣ ሁለት ወር ተኩል ሆነው። የማዶው ሆቴል ባለቤት አንድያ ልጅ ነው። የዚያ ሁሉ ክፍል ወራሽ ሆኖ ሳለ እንጀራውን በአንድ ነጭ ሳህን ላይ መሠረተ ሲባል ያልሳቀ አልነበረም። እናቱ ግን አልሳቁም ይባላል።

ሥራው እንዲህ ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቋጠሮ እየቀዘፈች ቢጫው ተንሳፋፊ በርሜል ድረስ ትወስደዋለች። እሱ ጥላ ባለበት በኩል ይንበረከክና በገመድ የታሰረውን ነጭ ሳህን ቀስ እያለ ያወርዳል። ገመዱ ላይ በየሜትሩ ቀይ ክር አለ። ሳህኑ ከዓይን እስኪጠፋ ክሩን በጣቱ ይቆጥርና «አሥር ከአርባ» ይላል፤ ሐይቁ ዛሬ አሥር ሜትር ከአርባ ድረስ ያሳያል ማለቱ ነው። ሕጉ አጭር ነው፦ የወቅቱ አማካይ ከአሥር ሜትር በታች ከወረደ ይህ ዳር እስከ መጪው በጋ ይዘጋል። ጀልባም ዋናም የለም፤ ውሃውን የሚያጠራው የዳሩ ሸምበቆ ከመቅዘፊያና ከሰው እግር ያርፋል። እስካሁን ቁጥሩ ከአሥር በላይ ነው። አባቷ በየማለዳው ከሩቅ እጁን አንሥቶ «ስንት?» ይላል፤ እሷ ጣቶቿን ትዘረጋለታለች፤ እሱም እያፏጨ ጀልባ መቀባቱን ይቀጥላል።

መጀመሪያ ዝም ብላ ነበር የምትቀዝፈው። ታዲያ እሷም የማወቅ ጉጉት ያለባት ሰው ናትና በሦስተኛው ቀን አላስቻላትም።

«ሳህኑ ሲጠፋ የት ይሄዳል?» አለችው።

ሳቀ። «የትም አይሄድም። እዚያው ነው። የእኛ ዓይን ነው የሚደክመው።»

በማግስቱ የተረሱ ዕቃዎች ሳጥኑን ስትከፍት፣ ባለቤት ባጣችው አንዲት የግራ ጫማ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አገኘች። «ትናንት ጠየቅሽኝ፣ ዛሬ ተራዬ ነው» ይላል። «ስትቀዝፊ ለምንድነው ሁልጊዜ ከንፈርሽን የምትነክሺው?» እሷም ከጀርባው ላይ «እንዳልዘፍን» ብላ ጽፋ መልሳ ጫማው ውስጥ ከተተችው። እንዲህ ብሎ የተጀመረው ነገር ወር ከምናምን ዘለቀ። ዳክዬ ሲተኛ ለምን አንድ ዓይኑን አይጨፍንም? ሰው ለሽርሽር መጥቶ ለምን ይጣላል? አንቺ ማዶ ሄደሽ የማታውቂው ስለሚርቅ ነው ወይስ ስለሆቴሉ? አንድ ቀን ደግሞ፣ «ከቁጥሬ ቀጥሎ በቀን ስንቴ ስምሽን እንደማስብ ልንገርሽ ወይስ ትገምቻለሽ?» ብሎ ጻፈላት። ያን ቀን ትኬት የቆረጠችለትን ቤተሰብ መቅዘፊያ ሳትሰጥ ሐይቅ ላይ ለቀቀችው፤ አባቷ እስከ ዛሬ ያን ያነሣባታል።

ከዚያ የወሩ መጀመሪያ ደረሰ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጫማው ውስጥ የሚገኘው ወረቀት «ዛሬም አመሰግናለሁ» ብቻ ሆነ። ጀልባው ላይም ሲሳፈር ሰላም ይላታል፣ ቁጥሩን ይናገራል፣ ሲወርድ ሰላም ይላታል። ዓይኑ ግን ከገመዱ አይነሣም።

«እናቱ ሰምተው ነው» አለች መጀመሪያ። የሆቴል ልጅና የጀልባ ልጅ፣ ምን ይደንቃል? ከዚያ «ሌላ ሰው አግኝቶ ነው» አለች። ኋላ ግን ይህም አልዋጥልሽ አላት፤ ሌላ ያገኘ ሰው በየጠዋቱ እንዲህ ከስቶ አይመጣም። ጉንጩ ሟሟ እኮ!

ነገ በስድስት ሰዓት ባለሳህኑ የወቅቱን ቁጥር በዳሩ ሰው ፊት ያነባል። የመጨረሻው ልኬት ዛሬ ጠዋት አለቀ፤ እሱም «አመሰግናለሁ» ብሎ ሄደ። ቋጠሮ ትኬት መቁረጫዋ ጎጆ ውስጥ ተቀምጣ ወረቀቶቹን በቀን በቀናቸው ደረደረቻቸው። ጥያቄው የቆመው የወሩ የመጀመሪያ ቀን ነው። ያን ቀን ምን ሆነ? አሰበች። ያን ቀን ባለፔዳል የሚከራይ ሰው ተሰልፎ ነበር። እሱ ከመሥሪያ ቤቱ የብረት ሜትር ይዞ መጣና «በየሁለት ወሩ ገመዱን መፈተሽ አለብን» ብሎ መሳፈሪያው ሳንቃ ላይ ዘረጋው። እሷ ሰልፉን ጨርሳ ስትመለስ ገመዱን ጠቅልሎ፣ ፊቱ ተለዋውጦ ቆሟል። ራሱን አሞት መስሏት ውሃ አመጣችለት።

ገመዱን ነበር የለካው።

ገመዱ እንዲደርቅ ጎጆዋ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አወረደችው። ሜትር የላትም፤ ሳንቃ ግን አላት። መሳፈሪያውን ከአባቷ ጋር አንድ በአንድ የመታችው እሷ ናት፤ አምስት ሳንቃ አንድ ሜትር ነው፣ ይህን ተኝታም ታውቀዋለች። ሳህኑን ከመጀመሪያው ሳንቃ ጫፍ ላይ አስቀምጣ ገመዱን ዘረጋችውና ቆጠረች። አሥረኛው ክር ሃምሳኛው ሳንቃ ላይ መድረስ ነበረበት። አርባ አምስተኛው ላይ ቆመ።

እንደገና ቆጠረች። አርባ አምስት።

ያኔ ትዝ አላት። እሱ የመጣ የመጀመሪያው ሳምንት ነው። ገመዱን መሳፈሪያው ጫፍ ላይ ረስቶት ሄዷል፤ እሷ የአባቷን ሞተር ጀልባ ስታስነሣ ገመዱ ውሃ ውስጥ ገባና ከሥር የሚሽከረከረው የሞተሩ ክንፍ አኘከው። እንዴት አፈረች! ገና በወጉ ሰላም እንኳ ሳይባባሉ የሰውን ዕቃ ማበላሸት። የታኘከውን አንድ ሜትር የሚያህል ቆርጣ ጣለችና ሁለቱን ጫፍ ፈትሉን በፈትል ውስጥ እየጎነጎነች ቀጠለችው። አባቷ ያስተማራት እንዲህ ነው፤ «ቅጥሉ የሚታይ ከሆነ ሥራው አላለቀም» ይላል። ቀዮቹ ክሮች ግን አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ሆነው ቀሩ። በእነሱ ዳር ገመድ ላይ ያለ ክር የባለቤት ምልክት ነው፤ የአባቷ ሰማያዊ፣ የጎረቤታቸው አከራይ አረንጓዴ። ይህም ቀይ የመሥሪያ ቤቱ ምልክት መሰላት። እንዲያምር ብላ አሥሩንም ፈትታ ከሳህኑ ጀምሮ እኩል እኩል አድርጋ መልሳ አሰረቻቸው። በኋላ እያንዳንዱ ክር አንድ ሜትር መሆኑን ሲነግራት ያ ጥገና ትዝ እንኳ አላላትም። አሥር ነበሩ፣ አሥር ናቸው፤ በዓመት መቶ ገመድ የሚቀጥል ሰው የትኛውን ያስታውሳል?

ስለዚህ ሐይቁ አሥር ከአርባ አይደለም፤ ዘጠኝ ከአርባ ነው። እሱም ይህን ካወቀ አሥራ አምስት ቀኑ ነው። ዝም ብሎ ግን «አሥር ከአርባ» ሲላት ከረመ። ለምን?

ቀና ስትል አባቷ ሰባተኛውን ጀልባ ሰማያዊ እየቀባ ነው፤ ለወቅቱ ለመጨረሻው ግርግር።

«አባዬ፣ ማዶ ደርሼ ልመለስ።»

«ማዶ?» ብሩሹን አንጠልጥሎ አያት። «ምን ልትሠሪ?»

«የሰው ገመድ ላደርስ።»

«ሁለት ሰዓት የሚያስቀዝፍ ገመድ ተራ ገመድ አይደለም» አለና አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገ። ከእሱ የሚደበቅ ነገር እንዳለ የተረዳ አባት ፊት ነበረው። «ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ተመለሺ። ነፋሱ ዘመድ አያውቅም።»

* * *

ሆቴሉ እየቀረበ ሲመጣ እየገዘፈ ሄደ። በረንዳው ላይ ነጭ የገላ መታጠቢያ ካባ ለብሰው እግራቸውን ለፀሐይ የሰጡ ሰዎች ቀዛፊዋን እንደ ትርዒት አዩዋት። ቀሚሷ ጫፉ ርሷል፣ መዳፏ ቀልቷል። ጀልባዋን አስራ ደረጃውን ስትወጣ እናቱ ራሳቸው ቆመው ጠበቋት። ረጅም፣ ሽበታቸውን ያልቀቡ፣ ቁልፍ የሚይዝ ሰው እጅ ያላቸው ሴት ናቸው።

«አንቺ ነሽ ቋጠሮ የሚሉሽ?»

«እኔ ነኝ፣ እመቤቴ።»

«ልጄ እህል መቅመስ ትቷል። ይሄው ሁለት ሳምንቱ» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረውም፤ ይልቁንም እንደ እሷው ግራ የገባው ነበር። «ምን ሆነህ ነው ስለው ሥራ ነው ይለኛል። ሥራ ሰውን እንዲህ ያደርጋል?»

«እኔም እሱኑ ልጠይቀው ነው የመጣሁት።»

ሴትዮዋ አንድ ደረጃ ወደ እሷ ወረዱ። «የእናንተ ዳር በጠባቡ አመለጠ ሲሉ ሰማሁ። ልጄ ከትንሽነቱ ጀምሮ ቁጥር ላይ ቀልድ አያውቅም። ሰው ሲወድ ግን ቁጥርም ይጠፋበታል። እንዲያ ያለ ነገር ካለ፣ ልጄ፣ እኔ ሳልሰማው ዛሬውኑ ይቅር።»

ቃሉ ጥፊ ነበር። የተባለው እውነት አልነበረም፣ ውሸት ብቻም አልነበረም። እንባዋን ዋጥ አድርጋ ገመዱን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

በዚህ መሃል እሱ ከውስጥ ወጣ። መጀመሪያ እሷን አየ፣ ቀጥሎ ገመዱን። ፊቱ ከሆቴሉ ግድግዳ ጋር አንድ ሆነ። ወደ ታች ወደ ጀልባዋ ወረደ፤ እሷም ተከተለችው።

«ገመዱ ያጥራል» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«ከወሩ መጀመሪያ ጀምሮ።»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

ገመዱን ከእጇ ተቀበለና ዓይኑን ጨፍኖ በጣቶቹ ሄደበት። አንድ ቦታ ላይ ቆመ። «በዓይን አይገኝም» አለ ቀስ ብሎ። «በእጅ ግን እዚህ ጋ ትንሽ ወፈር ይላል። በዚህም ዳር በዚያም ዳር ገመድን እንዲህ አድርጎ የሚቀጥል እጅ አንድ ብቻ ነው። አሥሩም ክር ደግሞ ዘጠና ዘጠና ሳንቲ ተለክቶ ታስሯል። በስህተት እንዲህ እኩል ይሆናል?»

«እና?»

«እና... ለአባትሽ ብለሽ ያደረግሽው መሰለኝ።»

መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ገባት፤ ሰው በረዶ ውሃ ውስጥ ሲዘል ትንፋሹ እንደሚቆረጠው ትንፋሿ ተቆረጠ።

«እኔ? ሆን ብዬ?»

ገመዱን መጠቅለል ጀመረ።

«የሞተሩ ክንፍ እኮ ነው የበላው!» ድምፅዋ በረንዳው ድረስ ወጣ፤ ካባ የለበሱት ሰዎች ሁሉ ዞሩ። «ገና የመጣህ ሳምንት! አፍሬ ነው የቀጠልኩት። ክሩ የባለቤት ምልክት መስሎኝ፣ እኛ ጋ እንደዚያ ነው፣ እኩል አድርጌ ያሰርኩት እንዲያምርልህ ብዬ ነው! እንዲያምርልህ!»

እሱ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ሊስቅ ነው ሊያለቅስ አልታወቀም፤ ሁለቱም ባንድ ላይ መጡበት።

«እንዲያምር» አለ። «እግዚኦ! እንዲያምር...»

«አንድ ጊዜ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?» አሁን እንባዋ ወረደ፣ ልታቆመውም አልሞከረች። «ስለ ዳክዬ ጠይቀኸኛል። ስለ ከንፈሬ ጠይቀኸኛል። ያን ሁሉ ስትጠይቅ ከርመህ ያቺን አንዲት ጥያቄ ነፈግከኝ!»

«ፈራሁ» አለ። «አዎ ብትዪኝስ? አዎ ካልሽኝ መናገር ግዴታዬ ነው፤ አባትሽንም አንቺንም በእጄ ላጠፋ ነው። ካልጠየቅኩሽ ግን አላውቅም ማለት እችላለሁ። በየጠዋቱ ውሸቱን እየተናገርኩ፣ በየማታው እየሰረዝኩ...» ከኪሱ ሁለት የታጠፉ ወረቀቶች አወጣ። አንደኛው ላይ አሥር ከአርባ፣ ሌላኛው ላይ ዘጠኝ ከአርባ ተጽፏል። ሁለቱም ከመታጠፍ ብዛት ጠርዛቸው ተበልቷል።

«ሌባ ናት ብለህ ነዋ ዓይኔን ማየት ያቆምከው።»

«ሌባ ናት ብዬ እንኳ መውደዴን ማቆም አቅቶኝ ነው።»

ከሐይቁ ላይ የመጀመሪያው ቀዝቃዛ ሽውታ መጣ። ተራራው ራስ ላይ ደመና ተሰብስቧል፤ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው። ጀልባዋን ፈታች።

«ነገ የቱን ታነባለህ?»

«ዘጠኙን ካነበብኩ አባትሽ...»

«አባቴን ለእኔ ተወው። የምጠይቅህ ስለ አንተ ነው።»

በእጁ ያሉትን ሁለት ወረቀቶች አያቸው። እሷም አልጠበቀችም። «በትልቁ ጀልባ ላድርስሽ፣ ነፋሱ መጣ!» ሲላት «ቀዝፌ መጣሁ፣ ቀዝፌ እሄዳለሁ» አለችና ዳር ዳሩን ይዛ ሄደች። ማዕበሉ የጀልባዋን ጎን እየመታ፣ አንዱ ነገር ብቻ በአእምሮዋ ተመላለሰ፤ አጥፊ ናት ብሎ አመነ፣ አምኖም ወደደኝ። ይህ የሚያስደስት ነገር ነው የሚያዋርድ? ቤቷ እስክትደርስ አልለየላትም። መዳፏ ደምቶ ነበር፤ መድማቱን ያየችው በማግስቱ ነው።

* * *

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ ከትኬት ጎጆው ፊት ለፊት አግዳሚዎች ተደረደሩ። ጀልባ አከራዮቹ፣ ዋና አስተማሪዋ፣ አይስክሬም ሻጩ፣ የሸምበቆው ጠባቂ፣ ሁሉም መጥተዋል። የሆቴሉ ነጭ ሞተር ጀልባ መጣና እናቱ ወረዱ፤ ኋላ ጥግ ላይ ተቀመጡ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ መዝገቡን ዘረጋ። አባቷ ፀጉሩን አበጥሮ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ፊተኛው አግዳሚ ላይ ነው። ቋጠሮ ሌሊቱን ልትነግረው ሦስት ጊዜ ተነሥታ ሦስት ጊዜ ተኝታለች።

ባለሳህኑ ቆመ። በእጁ አንድ ወረቀት ብቻ ነበር።

«የወቅቱ አማካይ ዘጠኝ ሜትር ከአርባ ነው።»

ጉምጉምታ ተነሣ። «አሥር አልነበረም እንዴ?» «ትናንት አሥር ተብሎ!» አባቷ ወደ ልጁ ዞሮ አያት፤ በየማለዳው የዘረጋችለትን ጣቶች የሚፈልግ ይመስል እጆቿን ተመለከተ።

«ገመዱ ላይ ስህተት ነበር» አለ ባለሳህኑ። «ስህተቱ የኔ ነው፣ እኔ...»

«የሱ አይደለም» አለች ቋጠሮ። ከአግዳሚው ተነሥታ ቆማለች። «ገመዱን የቀጠልኩት እኔ ነኝ። በሞተር ጀልባ ቆርጬው ነው። ክሩንም ያሰርኩት እኔ ነኝ። ሳላውቅ ነው፤ ግን እኔ ነኝ።»

እሱ ግን ገና አልተቀመጠም።

«እሷ ሳታውቅ ነው» አለ። «እኔ ግን ካወቅኩ አሥራ አምስት ቀን ሆነኝ። እያወቅኩ ዝም አልኩ። አስባበት ያደረገችው መስሎኝ ዝም አልኩ። ይህም በመዝገቡ ይግባ።»

ኃላፊው ብዙ ከጻፈ በኋላ ብዕሩን አስቀመጠ። «ዳሩ ከዛሬ ጀምሮ ይዘጋል» አለ። «አንተም ጉዳይህ እስኪታይ ሳህኑን አስረክብ።»

አባቷ ቀስ ብሎ ተነሣ። ሰው ሁሉ አሁን ሊጮህባት ነው ብሎ ጠበቀ፤ እሷም አንገቷን ደፋች። እሱ ግን አልፏት ሄደና ጠረጴዛው ላይ የተጠቀለለውን ገመድ አንሥቶ ወደ ዓይኑ አስጠጋ። አገላበጠው። መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። ከጫፍ እስከ ጫፍ በአውራ ጣቱ ሄደበት፣ ተመለሰ።

«የት ጋ ነው?» አላት።

«ከአራተኛው ክር አለፍ ብሎ፣ አባዬ።»

እንደገና አየ። «ሠላሳ ዓመት ገመድ ቀጥያለሁ» አለ ለሕዝቡ፣ ድምፁ እየተሰበረ። «አላገኘሁትም። እኔ አላገኘሁትም! እንዲህ ያለ ሥራ ሠርታ ነው ዳራችንን ያዘጋችው።» ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ፤ ከዚያ እንባው ዱብ ዱብ አለና ፊቱን በሸሚዙ እጅጌ ሸፈነ። ቋጠሮ ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። «አትነግሪኝም ነበር?» አላት በጆሮዋ። «ጀልባ ያርፋል፣ ምን ይሆናል? ትናንት ማዶ ስትሄጂ ፊትሽን አይቼ ሌሊቱን አልተኛሁም እኮ። ሰው የሞተ መስሎኝ!»

ሰው ሲበተን የሆቴሉ እመቤት ወደ እሷ መጡ።

«ትናንት ገመዱን ሳታመጪ ዝም ብትዪ ዳራችሁ ይተርፍ ነበር» አሉ።

«እሱ በውሸቱ ቁጥር ላይ ይፈርም ነበራ፣ እመቤቴ።»

ሴትዮዋ ቁልፎቻቸውን በእጃቸው ጨበጥ አድርገው ቆዩ። «ልጄን ከአንቺ ልጠብቀው ነበር ሐሳቤ» አሉ በመጨረሻ። «ከዝምታው ነበር መጠበቅ የነበረብኝ። ዝምታን ከአባቱ ነው የወረሰው፤ እኔንም ሃያ ዓመት አስቸግሮኝ ነው የሞተ።» እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ለጥቂት ጊዜ አሳረፉት። ከብዶ ነበር፣ ደግሞም ሞቅ ያለ።

ያን ቀን ከሰዓት ጀልባዎቹ ከውሃ መውጣት ጀመሩ። አሥራ አንድ ጀልባ በሁለት ሰው አይወጣም፤ ጎረቤቶቹ የራሳቸውን ይስባሉ። ባለሳህኑ ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ ከውሃው ዳር ቆመ። ሳህን የሌለው ባለሳህን ነበር።

«አንተ ደግሞ ምን ልትሆን?» አለው አባቷ።

«ልረዳ፣ ጋሼ።»

«በየት በኩል እንደሚያዝ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እንዲህ ነው የሚባለው!» አለ አባቷ። «አላውቅም ያለ ሰው ይማራል። ዝም ያለ ሰው እግሩ ላይ ጀልባ ይወድቅበታል። በዚያ በኩል ሂድ፤ ከእሷ ጎን።»

ሄደ። ውሃው ጉልበታቸው ድረስ ነበር፣ አጥንት የሚሰብር ቀዝቃዛ። ትከሻ ለትከሻ ቆመው የጀልባዋን ጠርዝ ያዙ። ገና በወጉ ያልደረቀው የትናንቱ ሰማያዊ ቀለም መዳፋቸው ላይ ተጣበቀ። የእሷ መዳፍ እንደቆሰለ አየና ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«ይቅርታ ማለት እንደማይበቃ አውቃለሁ» አለ።

«አይበቃም።»

«ያጠፋሽ ሲመስለኝ እንኳ...»

«ተወው፣ እሱን አትድገምልኝ።» ፊቷን ወደ እሱ አዞረች። ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ዓይኑ አልሸሸም፤ የደከመ፣ ያፈረ፣ ግን ሙሉ በሙሉ እሷ ላይ ያረፈ ዓይን ነበር። «ያቃተኝ እሱ ነው» አለችው። «እንደዚያ አድርጎ የወደደኝ ሰው የለም። እንደዚያ አድርጎ ያቆሰለኝም ሰው የለም። የቱን ልያዝ? ንገረኝ እስኪ፣ የቱን?»

«ሁለቱንም ያዢ» አለ። «እስኪለይልሽ አጠገብሽ ነኝ። ካልፈለግሽም ንገሪኝ፤ ብቻ ንገሪኝ።»

«ሳብ በሉ እንጂ!» ብሎ አባቷ ከፊት ጮኸ።

ሳቡ። ጀልባዋ እያቃሰተች ከውሃው ወጥታ ጠጠሩ ላይ ጋደም አለች፤ የተቀመጠችበት ውሃ ባዶውን ቀረ። ቋጠሮ ማልቀስ ጀመረች። ለጀልባዋ ይሁን ለእሱ፣ ከንዴት ይሁን ከፍቅር፣ ራሷም አላወቀችውም። እጇ ግን ከእጁ አጠገብ ጠርዙ ላይ ነበር፣ አላነሣችውም።